የአቶ ናሆም ቆይታ

ሃሴት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ፣ ከአልጋዋ ከመውረዷ በፊት የምታዳምጠው የሞግዚቷን ድምፅ ነበር። ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ክፍል ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ የሚለው ድምፅ ሳይቋረጥ ከተሰማት አባቷ አድረዋል ማለት ነው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ውሃ ታሞቃለች። ፎጣ ነክራ የአባቷን ፊት፣ ከጆሯቸው ጀርባና የአንገታቸውን እጥፋት ትጠርጋለች። እናቷ ወይዘሮ ቤዛዊት ከአልጋው ማዶ ቆመው ትከሻቸውን ይይዛሉ። ሁለቱ ሴቶች ተጋግዘው በጎናቸው ያዞሯቸዋል፣ ጀርባቸውን በቅባት ያሹላቸዋል፣ መልሰው ያስተኟቸዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አይነጋገሩም። ለምደውታል።

ሞግዚት የሚሏት ለታመመ ሰው የምትተነፍስለትን መሣሪያ ነው። በሰነድ ላይ ሌላ ረጅም ስም አላት፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን የለም። ደብረ ብርሃን ከሸኖ ጋር በሕንፃ ከተያያዘች ወዲህ በተሠሩት መንደሮች ሞግዚት የማይሰማበት ደረጃ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሰዎች ደረጃ ላይ ሲገናኙ፣

«አባትሽ እንዴት ቆዩ?» ይባባላሉ።

«ተመስገን፣ ቆይተዋል።»

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ወር እንደቀራቸው ነው። ይህን መጠየቅ ነውር መሆኑ ከቀረ ሰነባብቷል።

ሕጉን የማያውቅ ቤተሰብ አልነበረም። ቤት የሚሰጠው በአንድ ሰው ስም ነው፤ የሚሰጠውም ለዕድሜ ልክ ነው። ባለይዞታው ሲሞት ቤቱ ወደ ከተማው ይመለሳል፣ በውስጡ ያሉትም ዕቃቸውን ያወጣሉ። ባለይዞታው በጤናው ሳለ ቀርቦ ወራሹን ካስመዘገበ ግን ቤቱ ለወራሹ ያልፋል፤ ይኸውም ካስመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት በሕይወት ከቆየ ነው። ሦስት ዓመቱ የተጨመረው ሰዎች ሞት አፋፍ ላይ ሆነው መፈረም ስላበዙ ነው ተብሏል። በሕይወት መቆየት ማለት ምን እንደሆነ ሕጉ አልዘረዘረም። ስለዚህ መተንፈስ በቂ ሆነ።

ሐሙስ ሐሙስ ከይዞታ ቢሮ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የምትገባው። መዳፏን በሃሴት አባት በአቶ ናሆም ደረት ላይ ታሳርፋለች፣ ከፍና ዝቅ እስኪል ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጮክ ብላ «በሕይወት አሉ» ትላለች። ስትወጣ ደግሞ ሁልጊዜ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላ ነው።

ሃሴት ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እንጀራዋ ነውና። በየዕድሩ አዳራሽ እየዞረች ለቤተሰቦች ስለ ውርስ ታስተምር ነበር። የምትለው ሦስት ነገር ነው። ጤነኛ ሳላችሁ ወራሻችሁን አስመዝግቡ። ለማን ምን እንደምትተዉ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ተናገሩ። አንደበታችሁ ሲዘጋ ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ፣ ማንስ እንዲወስንላችሁ እንደምትሹ አሁኑኑ አሳውቁ። ሰው ያዳምጣታል፣ ያጨበጭብላታል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዶ ነገሩን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል።

አባቷም እንደዚያው ነበሩ። አቶ ናሆም ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከከተማው በላይ ባለው ሜዳ የተተከሉትን የነፋስ ማማዎች በመጠገን ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸውም ደረጃ ሲወጡ ወጣቶቹን ይቀድሙ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሃሴትን ትምህርት ለመስማት መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው፤ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ሁሉ «ልጄ ናት» ብለዋል። ወደ ቤት ሲመለሱ ሃሴት ጊዜው አሁን ነው ብላ አነሳችባቸው።

«አባዬ፣ አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?»

«የት?»

«ቢሮ። ልታስመዘግብ።»

ሳቃቸው ወዲያው ጠፋ። «ያ ለሰው የሚነገር ነው። እኔ ገና በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። በቁሜ አታሟርቺብኝ።»

«ሟርት እኮ አይደለም። እማዬ የት ትገባለች?»

«እናትሽን ከዚህ የሚያስወጣት የለም። እኔ እያለሁ!»

የወይዘሮ ቤዛዊት ነገር ሃሴትን እንቅልፍ የሚነሳት በምክንያት ነው። በወጣትነታቸው በዕጣ ቤት ደርሷቸው ነበር። ትንሹ ልጃቸው ኬብሮን ከልብ ሕመም ጋር ሲወለድ ይህ ሕግ ገና አልወጣም ነበርና ያንን ቤት ሸጠው አሳከሙት። አንድ ጊዜ ቤት የደረሰው ሰው ሁለተኛ አይደርሰውም። አሁን የሚኖሩበት ቤት በባላቸው ስም ብቻ ነው። ሃሴትም ከባሏ ስትለያይ ወደዚሁ ቤት ነው የተመለሰችው።

አቶ ናሆምን ቢሮ የወሰዳቸው የልጃቸው ትምህርት አልነበረም። በዚያው ፎቅ ይኖር የነበረ ሮቤል የሚባል የረጅም ጊዜ ባልንጀራቸው አንድ ማለዳ ፊቱን እየታጠበ ወድቆ ሞተ። አላስመዘገበም ነበር። ለቅሶው ሳያልቅ ዕቃው ደረጃ ላይ ወጣ። አቶ ናሆም ከሮቤል ልጆች ጋር ማቀዝቀዣውን ተሸክመው እስከ ታች አወረዱ። ተመልሰው መጥተው ሶፋው ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። በማግስቱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሃሴትን «ነይ» አሏት።

የሃሴትን ስም አስመዘገቡ። ሲመለሱ ኬክ ገዝተው ገቡ። ሰመራ ከሚኖረው ከኬብሮን ጋር በስልክ አወሩና ሁሉም እየሰማ ተናገሩ። ቤቱ ቤዛዊት እስካለች መኖሪያዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁለቱ ልጆች እኩል ነው። ሃሴት ደስ አላት። ሦስተኛውን ነገር አነሳች፤ አንደበታቸው ቢዘጋ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ።

«በቃ!» አሉ አቶ ናሆም ቢላውን ኬኩ ላይ ትተው። «ስሙን ፈልገሻል፣ ስሙን ሰጥቻለሁ። ከዚህ በኋላ ይህን ነገር በዚህ ቤት ማንም እንዳያነሳብኝ።»

ማንም አላነሳም። ዓመት ሳይሞላ አቶ ናሆም መስኮት አጠገብ ቆመው ብርቱካን ሲልጡ ግማሽ ፊታቸው ወረደ፣ ቀጥሎም እሳቸው ወደቁ። ሐኪሙ አልሸሸጋቸውም። ያለ ሞግዚት ጥቂት ቀን፣ በሞግዚት ግን ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ አለ። እናት ወደ ልጅ ዞሩ። ሃሴት ወደ ማንም አልዞረችም።

«ሞግዚት ይግባለት» አለች።

*

የሞግዚቷን ኪራይ የሚከፍለው ዕድሩ ነው። ዕድሮች ለቀብር ብቻ ያዋጡ የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ አሁን ከመዋጮው የሚበዛው ለቆይታ የሚወጣው ነው። አከፋፈሉ እስከ ሦስቱ ዓመት ማብቂያ ነው። ያ ቀን ሲደርስ ቤተሰቡ ቀን ይቆርጣል፤ ሰው ሁሉ ሥራ የማይገባበት ቅዳሜ ይመረጣል። የቀብር ጥሪ ከሳምንት በፊት ይላካል። ድንኳን ይተከላል፣ ወጡ ይሠራል፣ ዘመድ ከሩቅ ገብቶ ያድራል፤ ከዚያ ሞግዚቷ ትጠፋለች። ለቅሶው የተረጋጋ ነው። ድንገት የሞተ ሰው ለቅሶ ላይ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት በሰፈሩ ከተሰማ ዓመታት ሆኖታል።

ኬብሮን አባቱን ሊጠይቅ የመጣው ውርሱ ከተመዘገበ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብዙም አልቆየም። ወጥቶ ወጥ ቤት ከሃሴት ጋር ቆመ።

«እንዴት ነው ይህን እያየሽ የምትውይው?» አላት።

«እየሠራሁ ነው የምውለው። ሳገላብጠው፣ ሳጥበው።»

«እንዲህ መሆን የሚፈልግ ይመስልሻል?»

«የሚፈልገውን አልነገረንም። ንገረን ስለው ተቆጣኝ። አንተም በስልክ እየሰማህ ነበር።»

«ሃሲ፣ ይህ እኮ ሥቃይ ነው። ብንለቀው ምን አለ?»

ሃሴት ድስቱን ከምድጃው አወረደች። «ቤት አለህ ኬብሮን። ቤት ያለው ሰው መራራት አያቅተውም።»

«እማዬን እኔ እወስዳታለሁ።»

«የት? ከሚስትህ እናትና ከልጆችህ ጋር በየትኛው አልጋ?» እጇን አንስታ ደረቱን በጣቷ ነካችው። «የእማዬ ቤት የት እንደገባ ታውቃለህ አይደል?»

ኬብሮን ያቺን ቃል ምን ጊዜም አልረሳትም። ምሳ ሳይበላ ወደ ሰመራ ተመለሰ።

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ከሰዓት ሃሴት ከሥራ ስትገባ እናቷን ሳሎን ውስጥ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጠየቅሁት» አሉ ወይዘሮ ቤዛዊት።

«ማንን?»

«አባትሽን። የዓይኑ ቆብ ይታዘዝለታል። አዎ ከሆነ ጨፍን፣ አይደለም ከሆነ ገልጠህ እየኝ አልኩት። ስሜን ጠየቅሁት፣ ያንቺን ስም፣ ክረምት ነው ወይ አልኩት። ሁሉንም በትክክል መለሰ።»

ሃሴት ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

«ከዚያ ልንለቅህ ትፈልጋለህ ወይ አልኩት። ጨፈነ።»

«ደክሞት ይሆናል።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። አሳርፌው ደግሜ ጠየቅሁት። ጨፈነ። ልጄ፣ አጥብቆ ነው የጨፈነው።»

«እማዬ፣ የቀረው እኮ ሰባት ወር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ብንለቀው ነገ ደረጃ ላይ ነን። የት ትገቢያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?»

«ምንም አድርጊ አላልኩሽም» አሉ እናቷ። «ለብቻዬ ይዤው መዋል ስላቃተኝ ነው የነገርኩሽ።»

ሃሴት በዚያ ቀን ወደ አባቷ ክፍል አልገባችም። በማግስቱ የገባችው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው እናቷን ጠይቃ ነው። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነባት። አባቷን የምታጥበው ተኝተው ሳሉ ነው። በመሐል ከነቁ እጃቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ቱቦውን ታያለች፤ ፊታቸውን አታይም። ዓይናቸው እሷ ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ አንገቷ ላይ ይሰማታል። እሷ ካልጠየቀቻቸው ለእሷ የመለሱላት ነገር የለም። በዚህ ሐሳብ ሰባቱን ወር ዘለቀች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕድር አዳራሽ ስታስተምርም ሦስተኛውን ነገር መናገር ተወች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

*

ሦስቱ ዓመት ሲሞላ የይዞታ ማረጋገጫው በስሟ ወጣ። ተቆጣጣሪዋ ለመጨረሻ ጊዜ መጥታ ሁለቱንም ሴቶች ሳመቻቸው። ቀን ተቆረጠ፣ ጥሪ ተላከ። ኬብሮን ባለቤቱን ይዞ መጣ። ከእህቱ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ መንገዱ ርዝመት አወሩ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ያፌት ድንኳኑን ሕንፃው ግቢ ውስጥ አስተከሉ። የአቶ ናሆም የነፍስ አባት በማለዳ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ወደ ላይ እንዲወጡ ሲለመኑ «ከሆነ በኋላ ጥሩኝ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም።

ረፋዱ ላይ ሃሴት ወደ ክፍሉ ገባች። እናቷና ኬብሮን ተከተሏት። አባቷ ነቅተው ነበር። ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየቻቸው። ፊታቸው ካሰበችው በላይ ከስቷል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው፣ መስኮት አጠገብ ሆነው ብርቱካን ሲልጡ የነበረው ሰው ዓይን ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«አባዬ» አለች። «ተፈጸመ። ቤቱ ወጥቶልናል። እማዬ የትም አትሄድም። አንተ ነህ ያደረግከው።» እጃቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ያን ጊዜ እማዬ ጠይቃህ የመለስከውን ነግራኝ ነበር። አልሰማሁህም። አሁን ግን እንዳልከው እናደርጋለን። እንልቀቅህ?»

አቶ ናሆም አልጨፈኑም።

ያልሰሟት መሰላት። «አባዬ፣ ማረፍ ትፈልጋለህ? አዎ ከሆነ ጨፍን።»

አልጨፈኑም። ሰው ሳያስበው የሚያርገበግበውን ያህል እንኳን ላለማርገብገብ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዙት። ዓይናቸው ቀላ፣ እንባ ሞልቶ በጆሯቸው በኩል ወረደ፣ ቆባቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሆኖም እንደምንም ገልጠው ያዩዋታል። ማንም እንዳይሳሳት የፈለጉ ይመስላሉ።

«እንቢ አለ» አሉ ወይዘሮ ቤዛዊት። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ የሚመስል ነገር ነበር።

«አልገባውም» አለ ኬብሮን። «እስካሁን አእምሮው የት ይቆይለታል?»

«ኬብሮን የሚባል ልጅ አለህ?» አሏቸው እናት ወደ አልጋው ጎንበስ ብለው። አቶ ናሆም ጨፈኑ። «ሐኪም ነው?» ገለጡ። ኬብሮን ሐኪም አልነበረም። ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ።

ሃሴት ብቻዋን ወደ ድንኳኑ ወረደች። ሰው ሁሉ ተነሳ። አንዲት የሩቅ ዘመድ ስታያት ልቅሶ ጀመረች።

«አልሞተም» አለች ሃሴት። «ዛሬ አይሞትም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

ጋሽ ያፌት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ድንኳኑ እኮ ተተክሏል።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሰውም ከሩቅ ነው የመጣው።»

«ምግቡ ደርሷል። ይብሉ።»

በሉ። እየቆየም ወሬው ደራ። ቤቱ ወጥቶላት ሳለ አባቷን የምታቆየው ሌላ የተደበቀ ነገር ቢኖር ነው ተባለ። የነፍስ አባትየው ሳይበሉ ወጡ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ወደ ላይ ቀና ብለው አማተቡ።

*

ከዚያ በኋላ የሞግዚቷ ኪራይ የሃሴት ዕዳ ሆነ። ያላት ነገር ያ ቤት ብቻ ነው። በቤት መያዣነት ሞግዚት የሚያከራዩ ድርጅቶች ነበሩ፤ በሽተኛው ሲሞት ሂሳብ ይተሳሰባሉ፣ ዕዳው ካልተከፈለ ቤቱን ይወስዳሉ። ይህን ስትነግረው ኬብሮን ጣልቃ አልገባባትም፤ እስክትጨርስ ሰማት።

«ግማሹ የኔ ነው» አለ ከዚያ። «አባዬ ሁላችንም እየሰማን ተናግሯል።»

«አንተ እኮ ነህ እንልቀቀው ስትል የነበርከው።»

«ያኔ እሱም ፈልጎ ነበር።»

«አሁን አልፈለገም።»

«እማዬ የት ትገባለች ስትዪኝ አልነበር? ልቤን በጣትሽ እየነካሽ? አሁንስ የት ልትገባ ነው?»

የይዞታ ማረጋገጫው ላይ ያለው ግን የሃሴት ስም ብቻ ነው። የኪራዩን ውል ፈረመች። ኬብሮን በዚያው ሳምንት ስልኳን ማንሳት አቆመ።

አሁን ወደ አባቷ ክፍል የምትገባው ነቅተው ሳሉ ነው። ጠዋት ፊታቸውን ስትጠርግ ታወራቸዋለች፤ ስለ ብርዱ፣ ከከተማው በላይ ስላሉት ማማዎች፣ ስለ ጎረቤት። ከዚያ ትጠይቃቸዋለች። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ስለሆነ ትክክለኛውን ጥያቄ ማግኘት ነበረባት። ብዙ ጊዜ ሳታገኘው ትወጣለች።

«ተቀይመኸኝ ነው?»

ዓይናቸው ተገልጦ ቆየ።

«ለእማዬ ብለህ ነው የቆየኸው?»

አልጨፈኑም።

አንድ ጠዋት ጥፍራቸውን እየቆረጠች ሳለ፣ ብዙም ሳታስብበት፣ «ትፈራለህ እንዴ አባዬ?» አለች።

አቶ ናሆም ጨፈኑ። ረጅም ጊዜ ጨፍነው ቆዩ።

ሃሴት መቁረጫውን አስቀመጠች። ያ ሁሉ «አታሟርቺብኝ» ትዕቢት ይመስላት ነበር፤ እሷን የናቁ፣ ትምህርቷን ያቃለሉ እየመሰላት ለብቻዋ ስትናደድ ኖራለች። ሌላው ጥያቄ ያን ጊዜ ነው የመጣላት። ባትጠይቀው በወደደች፣ ግን ሰባት ወር ሙሉ አለመጠየቅ ምን እንደሚመስል አይታዋለች።

«ያኔ እማዬ ስትጠይቅህ፣ ልቀቁኝ ያልከው ጊዜ፣ የምርህን ነበር?»

ጨፈኑ።

«ያኔም ትፈራ ነበር?»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። አልፈሩም ነበር። ያን ሰሞን ተዘጋጅተው ነበር። ሰው ሲሄድ እንደሚያደርገው ጨክነው፣ ከሁሉም ጋር በልባቸው ተሰነባብተው ነበር። ልጃቸው ግን ፊቷን አዞረች። እሷ ወሩን ስትጠብቅ ያ ጭካኔ ከላያቸው አለቀ፤ በቦታው ፍርሃቱ ተመለሰ። እሷ ቤቱን ይዛ ስትገባ ያገኘችው የፈራውን ሰው ነው።

«ይቅር በለኝ» አለች።

ጥያቄ አልነበረም። የአቶ ናሆም ዓይን እንደ ማንም ሰው ዓይን መርገብገብ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆዩ። በነሐሴ ሳንባቸው ውሃ ቋጠረ። ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር እንደሌለ ተናገረ። እኩለ ቀን ላይ፣ ሞግዚቷ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ ሃሴት እጃቸውን እንደያዘች ሞቱ። ደረታቸው ከፍና ዝቅ ማለቱን ስላልተወ መሞታቸውን መጀመሪያ ያወቁት ወይዘሮ ቤዛዊት ናቸው። እግራቸውን ዳስሰው፣

«አጥፊያት» አሉ። «ሄዷል።»

በዕድሩ ደንብ ለአንድ ሰው ድንኳን የሚተከለው አንድ ጊዜ ነው። ጋሽ ያፌት ይህን ሲነግሯት ፊቷን ማየት አልቻሉም። ቀን ያልተቆረጠለት ሞት ስለነበረ ጥሪ የደረሰው ሰው የለም፤ የሰሙትም አብዛኞቹ አንድ ጊዜ መጥተን በልተናል አሉ። በዝናብ ውስጥ የቆሙት ጥቂቶች ናቸው። ኬብሮን ከሰመራ መጣ። ከመቃብሩ ማዶ ቆመ፣ አፈር በተነ፣ እናቱን አቅፎ አለቀሰ፣ በዚያው ቀን ተመለሰ። እህቱን አላናገራትም።

ሂሳቡ ሲተሳሰብ ቤቱ ለዕዳው በቃ፤ የተረፈ ነገር አልነበረም። ሃሴት ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራየች።

ዕቃ በሚያወጡበት ቀን ቤቱን የሚረከበው ቤተሰብ ሊያይ መጣ። አንዲት በሃሴት ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች፤ ከኋላዋ አባቷ በእግራቸው፣ ያለ ከዘራ፣ ደረጃውን ጨርሰው ትንፋሽ ሳያጥራቸው ገቡ። ልብሳቸው አዲስ ነው። ልጃቸው ክፍል ለክፍል እየዞረች አየች። አቶ ናሆም የተኙበት ክፍል ስትደርስ የግድግዳውን መስመርና አልጋው የነበረበትን ቦታ ተመለከተች።

«ይሄኛው ጥሩ ነው» አለች። «ለሞግዚት የሚሆነው መስመር ተዘርግቶለታል። አልጋው እዚህ ይሆናል፣ እሷ ደግሞ እዚህ ጋ። አየህ አባ?»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ወደ ባዶው ክፍል አዩ። ልጃቸው ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ እሳቸው ቀሩ። ወደ ሃሴት ዞር ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ ሰው ነበረበት አይደል?»

«አዎ። አባቴ ነበር።»

የጠየቁት ሃሴት የፈራችውን አልነበረም።

«ክፍሉ ይሞቃል?»

«ይሞቃል አባባ» አለቻቸው። «ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ይገባዋል።»

ከዚያ የመጨረሻውን ሣጥን አነሳች፣ እናቷንም በሌላ እጇ ደግፋ ደረጃውን ወረደች።